ቋሊማዬ ከሰል ላይ ቅቤውን አፍስሶ ደርቆ ቀረ፤ ምን ይሻለኛል?

የሳሪሷ

ሰላም ወገኖች። ጥያቄዬ ስለ ቋሊማ ነው። ታሽጎ የሚሸጠውን አይደለም። ቤት ተፈጭቶ፣ አንጀት ውስጥ ተሞልቶ፣ ከሰል ላይ የሚጠበሰውን ነው።

እህቴ ከዱባይ ስትመጣ የኤሌክትሪክ ሥጋ መፍጫ ይዛልኝ መጣች። ካርቶኑ ውስጥ ረዘም ያለ የፕላስቲክ ቱቦ አለ። ቋሊማ መሙያ ነው አለችኝ። ባለቤቴ የታሸገ ቋሊማ አይነካም፤ «ምን እንደገባበት በምን አውቃለሁ» ባይ ነው። እንግዲያው ራሴ ልሥራው ብዬ ተነሳሁ።

ከልኳንዳ 2 ኪሎ ቀይ ሥጋ ገዛሁ። አንድ ጠብታ ስብ የሌለበት፣ የክትፎ ዓይነት። 4 ራስ ቀይ ሽንኩርት ከተፍኩበት። በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮረሪማ፣ ጨው በግምት። እንዳይደርቅ ደግሞ አንድ ጭልፋ ሙሉ ንጥር ቅቤ አቅልጬ አፈሰስኩበት። ለፋሲካ ከታረደው በግ አንጀቱን አጥቤ አስቀምጬ ስለነበር እሱን ሞላሁት።

ከሰል ላይ ሲቀመጥ ጉድ ፈላ። ቅቤው ተንዠቀዠቀ፣ እሳቱ ቦግ አለ፣ ግማሹ ፈነዳ። የተረፈው ሲቆረጥ ይፈረፈራል። ሽታው ሰፈሩን አውዶታል፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ደረቅ ነው። አማቴ ቀምሰው «ሽታውስ ጥሩ ነው» አሉ። የዚህን ንግግር ትርጉም ያገባች ታውቀዋለች።

ለዳግማይ ትንሣኤ ሰው ጠርቻለሁ። ቅቤ ልጨምር ወይስ ልቀንስ? የሚፈነዳውስ ለምንድን ነው? የሠራችሁት ካላችሁ እባካችሁ።

ቆራጥ ነኝ

እህት፣ ያን የመሰለ ቀይ ሥጋ በአዋዜ ቢቆረጥ ምን አለበት? ለምን አንጀት ውስጥ ታስሪዋለሽ? በይ ለማንኛውም የዳግማይ ለት አድራሻውን ጣል አድርጊልን።

አቦ ከኤርፈርት

አቦ እህቴ፣ ቅመምሽን አትንኪው። ችግርሽ ስቡ ነው።

መጀመሪያ ማንነቴን ልናገር፤ አለዚያ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ» ትያለሽ። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተላክሁ። ግንቡ ሲፈርስ እዚሁ ኤርፈርት ቀረሁ። ኤርፈርት የቱሪንገን ክፍለ ግዛት ዋና ከተማ ናት። የቱሪንገን ሰው በብዙ ነገር ይቀልዳል፣ በቋሊማ ግን አይቀልድም። እዚህ ቅርብ አርንሽታት የምትባል ከተማ አለች። በ1404 የተጻፈ የገዳም የወጪ መዝገብ ላይ ለቋሊማ አንጀት የወጣ ገንዘብ ሰፍሯል። ይህን ነገር ሳይነግሩሽ ቋሊማ አያበሉሽም።

የእነሱ በአብዛኛው የአሳማ ነው። እኔ ደግሞ አሳማ አልበላም። ጡረታ የወጣ ሥጋ ቆራጭ ጎረቤት ነበረኝ። «አሳማ አለመብላትህ ያንተ ጉዳይ፣ ከሰል ዳር ባዶህን መቆምህ ግን የኔ ጉዳይ ነው» ብሎ በበሬና በበግ እንዴት እንደሚሠራ ጓሮው ወስዶ አሳየኝ። የምነግርሽ ከእሱ ያየሁትን ነው፤ ቅመሙ ብቻ የኛ ነው።

ወደ ስቡ ልግባ። ለቋሊማ ከ4 እጅ አንዱ ስብ መሆን አለበት። ለ1 ኪሎ ድብልቅ 750 ግራም ሥጋና 250 ግራም ስብ በይ። ደፈር ካልሽ 300 ግራም። አውቃለሁ፣ ይበዛል ትያለሽ። ከዚህ ሲያንስ ግን የምታገኚው አንጀት የለበሰ ጥብስ ነው። የክትፎ ሥጋ ለክትፎ ይሁን። ለዚህ ወርች ወይም ፍርምባ ግዢ። ዋጋውም ይረክሳል፣ ጣዕሙም ይበልጣል።

ቅቤ ስብ አይደለም ወይ? ነው። ግን 35 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ቀልጦ ያልቃል። ይህ ከሰውነትሽ ሙቀት በታች ነው። የቋሊማው መሀል ገና ጥሬ ሳለ ቅቤው ከሥጋው ወጥቶ ቀዳዳ ይፈልጋል። ቀዳዳ ሲያጣ ይፈነዳል፣ ሲያገኝ ፍም ላይ ይንጠባጠባል። አንቺ ያየሽው ቦግታ እሱ ነው። ከከብቱ ላይ የተቆረጠ ስብ ግን ሌላ ነው። ለመቅለጥ ከ40 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ደግሞም በስስ ሽፋን በጥቃቅኑ ተከፋፍሎ የተያዘ ስለሆነ ሲሞቅም ቶሎ ጥሎሽ አይሄድም። የቅቤው መዓዛ ካልቀረብኝ ካልሽ፣ ለ1 ኪሎ አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ ፍሪዘር ውስጥ አድርቀሽ ፍቂበት። አቅልጠሽ አታፍስሺ።

የቱ ስብ? እዚህ ላይ እኔ ነኝ የምቀናብሽ። አንቺ ጋ ሻኛ አለ! የጀርመን ከብት ጀርባው ሜዳ ነው። ሻኛ ሥጋና ስቡ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ስለሆነ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው ብል አላጋነንኩም። ሻኛ ካጣሽ የፍርምባውን ጮማ ውሰጂ። የበግ ላት ካለሽ ለኪሎው 50 ግራም ያህል ጣል አድርጊ፤ ይበልጥ ይለሰልሳል። ከዚያ በላይ ግን ሽታው ሁሉን ይውጠዋል። የኩላሊት ስብ አታብዢ። ትኩስ ሳለ ደህና ነው፣ በረድ ሲል ግን ላንቃ ላይ ይጋገራል።

ሁለተኛው ነገር ቅዝቃዜ ነው። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው። ልኳንዳ የምትገዢው ሥጋ ሌሊት ታርዶ ጠዋት የተሰቀለ ነው፤ ማቀዝቀዣ የሚባል ነገር አላየም። ለቁርጥ ግሩም ነው። ለመፍጨት ግን ስቡ ለስልሷል። ስለዚህ ከዋዜማው ግዢና ፍሪጅ ውስጥ ይደር። በማግስቱ በአውራ ጣት መጠን ቆራርጪው። ትሪ ላይ ዘርግተሽ ፍሪዘር ውስጥ አስገቢው። ዳር ዳሩ ጠንከር ሲል፣ መሀሉ ሳይደርቅ አውጪው። የመፍጫውን ቢላና ወንፊቱንም አብረሽ አስገቢ። የኤሌክትሪክ መፍጫ ሲሠራ ራሱ ይሞቃል።

ከመፍጫው ሲወጣ ዓይንሽን አትንቀዪ። ቀዩ ቀይ፣ ነጩ ነጭ ሆኖ፣ ተለያይቶ እየታየ መውጣት አለበት። ሮዝ ሆኖ ተለውሶ ከወጣ መፍጫው ስቡን እየቆረጠው አይደለም፣ እየጨፈለቀው ነው። ያኔ መፍጫውን አጥፊ። ሁሉንም ወደ ፍሪዘር መልሺ። ጅማት ቢላው ላይ ተጠምጥሞ ይሆናል፣ ፈትተሽ እዪው። የተጨፈለቀ ስብ ከሰል ላይ የቅቤሽን ሥራ ይደግመዋል። ወንፊቱ ትልቅ ቀዳዳ ያለው ይሁን፣ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር።

ጨው በግምት አትበይ። በሚዛን ለ1 ኪሎ 18 ግራም። ጨው እዚህ ለጣዕም ብቻ አይደለም። ከሥጋው ውስጥ የሚያጣብቀውን ነገር የሚያወጣው እሱ ነው። የተዘጋጀ በርበሬና ሚጥሚጣ ብዙ ጊዜ ጨው አለባቸው። በርበሬሽ ጨው ካለበት ወደ 15 ግራም አውርጂ።

ከዚያ ማሸት ነው። ጨውና ቅመሙን በትኚ፣ ለ1 ኪሎ ግማሽ የቡና ስኒ የሚሆን በረዶ የመሰለ ውሃ ጨምሪና ጠንክረሽ እሺው። በክትፎ እጅ በስሱ ማገላበጥ አይሆንም። እጅሽ በብርድ እስኪቆረጠም። ሥጋው መጀመሪያ ይንሸራተታል፣ ቀጥሎ መጎተት ይጀምራል። ጭብጥ አድርገሽ መዳፍሽ ላይ ለጥፊና እጅሽን ገልብጪው። ካልወደቀ ደርሷል። ያንቺ የተፈረፈረው አንድም ይሄ ስለቀረ ነው፣ አንድም ሽንኩርቱ ነው። 4 ራስ ጥሬ ሽንኩርት ማለት ውሃ ማለት ነው። ከፈለግሽው ውሃው እስኪደርቅ አቁላይተሽ፣ በደንብ አቀዝቅዘሽ ጨምሪ። እኔ ግን እተወዋለሁ፤ ነጭ ሽንኩርቱ ይበቃል።

በርበሬውም ጥሬውን አይገባም። አንጀት ውስጥ ያለ በርበሬ አይቁላላም፤ ይቀቀላል እንጂ። ጥሬ ጥሬ ይላል። በትንሽ ዘይት ለአፍታ አገላብጠሽ፣ አቀዝቅዘሽ ጨምሪው። ለ1 ኪሎ 2 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ 4 ፍንጣሪ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ፣ ግማሽ ጥቁር አዝሙድ፣ ትንሽ ጦስኝ። የኔ ይሄ ነው። ቆሴረት የሚጨምሩም አሉ፣ ያኔ ክትፎ ክትፎ ይላል።

ከመሙላትሽ በፊት አንዲት ቁራጭ ጠፍጠፍ አድርገሽ መጥበሻ ላይ ጥበሺና ቅመሺ። ጥሬውን እንዳትቀምሺ፤ ኮሶ የት እንዳለ ማን ያውቃል። ጨውና ቅመም የሚስተካከለው እዚህ ላይ ነው። አንጀት ውስጥ ከገባ በኋላ ያለቀ ነገር ነው።

የሳሪሷ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይሄን ሁሉ ለመጻፍ ጊዜ ሰጥተው! አሁን ገባኝ። ለካ እኔ ክትፎ ነው አንጀት ውስጥ የከተትኩት።

ሻኛ ለማግኘት ልኳንዳው ጋ በጠዋት መሄድ ይኖርብኛል። ሻኛ የሚቆርጡት ጎረምሶች ቀድመው ነው የሚሰለፉት። ሚዛን አለኝ።

የቀረኝ አንጀቱ ነው። አሁንም ፍሪዘር ውስጥ የተረፈ አለኝ። ያጠብኩት በውሃ፣ በጨውና በሎሚ ነው። ሲሞላ ግን አንዳንዱ ቦታ ወፍራም፣ አንዳንዱ ቦታ ስስ ነው። የፈነዳው በቅቤው ብቻ ነው ወይስ አንጀቱም አለበት? ሌላው ደግሞ ከሰሉን እንዴት እንደማደርገው ይንገሩኝ። ባለቤቴ እሳት ላይ እኔ ነኝ ባይ ነው፤ ማርገብገቢያውን ከያዘ ማንንም አይሰማም።

የጀጎል እናት

የኔ እህት፣ ስለ አንጀቱ እኔ ልናገር፤ ሐረር ነው ያደግሁት። እኛ ጋ ቋሊማ የድግስ ምግብ ነው። የበሬ ሥጋ ተከትፎ፣ በሽንኩርት፣ በእርድ፣ በቅርንፉድ፣ በቀረፋና በሌላም ቅመም ተለውሶ፣ አንጀት ተሞልቶ ጭስ ላይ ተሰቅሎ ይደርቃል። አንቺ የምትፈልጊው ትኩሱን ስለሆነ ያ ሌላ ሙያ ነው። የአንጀቱ ነገር ግን ያው ነው።

ማጠብና መፋቅ ለየቅል ናቸው። አንቺ አጥበሻል፣ አልፋቅሽም። አንጀቱን ገልብጪው። ለመገልበጥ አንዱን ጫፍ እንደ እጅጌ ትንሽ አጥፈሽ በጥፋቱ ውስጥ ውሃ አፍስሺበት፤ ውሃው ራሱ እየጎተተ ይገለብጠዋል። ከዚያ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ አስተኝተሽ በቢላ ጀርባ ወደ አንድ አቅጣጫ ፋቂ። በስለቱ አይደለም፣ በጀርባው። ዝልግልጉ እየተገፋ ይወጣል። ብዙ ነው፣ ትገረሚያለሽ። ጣትሽ በአንጀቱ ውስጥ እስኪታይሽ ድረስ ፋቂ። ወፍራም የሚመስልሽ ቦታ ያልተፋቀ ነው፤ ሽታውም እሱ ላይ ነው የሚቀረው።

ሲያልቅ ውሃ ሞልተሽ አንስተሽ እዪው። በቀዳዳው ፊጭ የሚል ካለ እዚያ ጋ ቁረጪው። አጭር ቢሆን ምን ችግር አለው። ከዚያ በደረቅ ጨው አሽተሽ ፍሪጅ ውስጥ አኑሪው። በጨው የተያዘ አንጀት ከፍሪዘሩ ይሻላል፤ ፍሪዘር ያሳሳዋል፣ በረዶው ይበጣጥሰዋል። የሚሞላ ቀን ለብ ባለ ውሃ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፈሽ፣ ውስጡንም ውሃ አሳልፈሽበት ሙዪ።

አቦ ከኤርፈርት

እናቴ፣ እጅዎ ይባረክ! የሐረር ሰው ሲናገር ዝም ብሎ መስማት ነው። ያን ቋሊማ ከቀመስኩ ዘመን የለውም። እኔ እዚህ በጨው ታሽጎ የመጣ የበግ አንጀት ነው የምገዛው፤ መፋቅ የሚባለውን ሥራ አልሞከርኩትም።

እህቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጨምርልሽ። ስትሞዪ አታጥብቂው። ሲጠበስ ሥጋው ይነፋል፣ አንጀቱ ይሰበሰባል፤ ጢም ካለ መሄጃ ያጣል። በጣትሽ ጫን ስትዪው ገባ የሚል ይሁን። የአየር አረፋ ካየሽ በመርፌ ወጋ አድርጊ። ያ ከመጠበሱ በፊት ነው እንጂ ከሰል ላይ ከወጣ በኋላ መውጋት የለም። አለዚያ ጭማቂው ሁሉ ለከሰሉ ነው። የበግ ቀጭን አንጀት ለ1 ኪሎ 3 ሜትር ያህል ይበቃል። የአንድ በግ ደግሞ ከ20 ሜትር ይበልጣል፤ ስለዚህ በመቆራረጡ አትሳሺ።

ሞልተሽ ከጠመዘዝሽ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ሳትከድኚ አሳድሪው። ላዩ ደረቅ ይላል። ደረቅ ያለ ቋሊማ ቶሎ ይቀላል፣ ፍርግርጉ ላይም አይጣበቅም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼ አቦ ያሉት የታሸገ አንጀት ነገር ውጭ አገር ላለነው ትንሽ ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል። እኛ ጋ ሱቅ ገብታችሁ «የቋሊማ አንጀት» ብትሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጧችሁ የአሳማ ነው። ሥጋው የበሬ ሆኖ ልባሱ የአሳማ የሆነ ቋሊማ ሞልቷል። የጥቅሉን ጀርባ አንብቡ። የበግ የሚል ጽሑፍ ካለ እሱን ውሰዱ፤ ስፋቱ 22 ወይም 24 ሚሊ ሜትር የሆነው ለጣት ቋሊማ ልክ ነው። ኮላጅን የሚባለው ሰው ሠራሽ ልባስ ብዙውን ጊዜ ከከብት ቆዳ ይሠራል፣ ግን እሱም ከምን እንደሆነ ካልተጻፈበት ጠይቁ። እኔ ከሐላል ሥጋ ቤት ነው የማመጣው፤ ጥያቄውም ይቀራል። እዚያው ቤት የሰሜን አፍሪካዎቹን ሜርጌዝ ታገኛላችሁ። በበግ አንጀት የሚሞላ ቀይ፣ የሚያቃጥል ነው። ለኛ አፍ ከጀርመኑ ይልቅ እሱ ይቀርባል፤ ጋሼ እንዳይቆጡኝ።

ደግሞ ሳሪስ ላይ አንጀት መፋቅ ያልሆነለት ሰው ሥጋውን በጣት ቅርጽ እየጨበጠ ያለ አንጀት ቢጠብሰውስ? በደንብ የታሸ ከሆነ አይፈርስም። እኔ ሲቸኩለኝ እንደዚያ ነው።

አቦ ከኤርፈርት

አልቆጣም፣ ሜርጌዝ እኔም እወዳለሁ። ያለ አንጀትም ይሆናል። ብቻ ፍርግርጉ በደንብ ግሎ ዘይት ይቀባ፣ ሥጋውም ከፍሪጅ እንደወጣ ይቀመጥ።

እንግዲህ ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። ማርገብገቢያውን ከእጁ ቀሚው። ዋናው ነገር ይሄ ነው። ቋሊማ ነበልባል አይወድም። ከሰሉ ቀልቶ፣ ላዩ አመድ እስኪለብስ ይጠበቅ። ከዚያ ፍሙን ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይግፋው። ግማሹ ፍም፣ ግማሹ ባዶ ይሁን። ቋሊማው መጀመሪያ ባዶው ጎን ላይ ይቀመጥ፤ ክዳን ካለው ይከደን። ውስጡ በእርጋታ ይበስላል። ሊበስል ሲል ወደ ፍሙ ይምጣና እየተገለበጠ ይቅላ። እኛ ሰዎች ደግሞ በተቃራኒው ነን፤ መጀመሪያ እሳት ላይ ጥለን፣ ላዩ ሲያር አውጥተን፣ ውስጡ ጥሬ ነው ብለን እንመልሰዋለን።

ስብ ነጥቦ ቦግ ካለ ቋሊማውን ወደ ባዶው ጎን ማሸሽ ነው። እዚህ ጠባሾቹ ቢራ ይረጩበታል። ከጠርሙሱ ለእሳቱ ትንሽ፣ ለራሳቸው ብዙ። እኔ አልረጭም። አመዱን አስነስቶ ቋሊማው ላይ ይበትነዋል። ሹካም አይግባ፤ በመቆንጠጫ ነው የሚገለበጠው።

እንግዳ ጠርተሽ መጨነቅ ካልፈለግሽ ሌላ መንገድ አለ። ከመጠበሱ በፊት ውሃ ውስጥ ማብሰል። ውሃው 75 ዲግሪ አካባቢ ይሁን እንጂ አይፍላ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው፤ «ገና አልሞቀም» ብለሽ እንዳትሸወጂ። ድስቱ ጥግ ላይ ጥቃቅን አረፋ ሲታይ እሳቱን ቀንሺ። ለበግ አንጀት 15 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ አውጥተሽ ከሰሉ ላይ ማቅላት ብቻ ነው። የጭሱ ጣዕም ትንሽ ይቀንሳል፣ ግን የሚፈነዳም ጥሬ የሚቀርም የለም። ሰው ሲበዛ እኔ እንደዚህ ነው የማደርገው።

የሥጋ ቴርሞሜትር ካገኘሽ ግዢ። የተፈጨ የበሬና የበግ ሥጋ መሀሉ 71 ዲግሪ መድረስ አለበት። ለዶሮ 74። ሙሉ ሥጋ ሲሆን ጀርሙ ላዩ ላይ ነው፣ እሳት ሲያገኘው ያልቃል። ሲፈጭ ግን የላዩ ሁሉ መሀል ይገባል። «እኛ ጥሬ የምንበላ ሰዎች» የሚል እንግዳ ካለሽ ቁርጡን ለብቻ አቅርቢለት።

ለማባያ እዚህ ሰናፍጭ ነው። ኤርፈርት ከ1820 ጀምሮ ቦርን የሚባል ሰናፍጭ ይሠራባታል፤ በኬቻፕ የሚበላ ሰው ካዩ በሐዘን ነው የሚያዩት። አንቺ ሰናፍጭ ከቤትሽ አለ። ፈጭተሽ፣ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ጨምረሽ አቅርቢ። አፍንጫ የሚሰነፍጠው ከስቡ ጋር ሲገናኝ ያስማማዋል። አዋዜውንም ከጎኑ አድርጊ፤ የሐበሻ ግብዣ ነውና።

ቆራጥ ነኝ

ጋሼ፣ ከላይ የቀለድኩትን ትቼ እየጻፍኩ ነው። አንድ ጥያቄ። ስንት ሰው ስንት ኪሎ ይፈልጋል? ደግሞ ቀድሞ ተሠርቶ ስንት ቀን ይቆያል? እኛ ሰፈር መብራቱ አይታመንም።

አቦ ከኤርፈርት

ቋሊማ ብቻ ከሆነ ለሰው 200 ግራም። ዶሮ ወጡና ጥብሱም ካለ ግማሹ ይበቃል። የሐበሻ ቤት ስለሆነ «ካለ» ከማለት ይልቅ እንዳለ ቁጠረው።

ጥሬው ፍሪጅ ውስጥ ቢበዛ እስከ ማግስቱ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ በተሞላበት ቀን ወደ ፍሪዘር ይግባ፤ ለ2 ወር ጣዕሙን ይይዛል። መብራት ከጠፋባችሁ ፍሪዘሩን አትክፈቱ። ሞልቶ የተዘጋ ፍሪዘር 2 ቀን ገደማ ይይዛል፣ ፍሪጁ ግን ከ4 ሰዓት በላይ አይታመንም። መብራት የማይታመንበት ሰፈር ከሆነ ከፊሉን በውሃው ዘዴ አብስላችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ ማስገባቱ ይሻላል። «እንደ ሐረሩ እሰቅለዋለሁ» ብሎ ትኩሱን ቋሊማ ኩሽና መስቀል ግን አይሞከር። ያ ጨውም ጭስም አያያዝም የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል።

የሳሪሷ

12 ሰው ነን። ዶሮ ወጥ አለ፣ ክትፎም አለ። ስለዚህ አንድ ኪሎ ተኩል ልሥራ። ወርች 1 ኪሎ ከ125፣ ስብ 375 ግራም፣ ጨው 23 ግራም ገደማ፤ የኔ በርበሬ ጨው የለበትም፣ ራሴ ነኝ ያስፈጨሁት። ሒሳቤ ልክ ነው ጋሼ?

የጀጎል እናት፣ አንጀቱን ዛሬ ማታ ገልብጬ ፋቅሁት። የወጣው ነገር ጉድ ነው! ከዚህ ቀደም ይሄን ሁሉ ነው የበላነው?

የጀጎል እናት

አዎ ልጄ፣ በልታችሁታል። ዱለት ላይ ቢሆን ማንም አይናገርም ነበር። ጨው አድርጊበትና ክደኚው።

አቦ ከኤርፈርት

ጨውሽ ልክ አይደለም። 18 ግራም በአንድ ኪሎ ተኩል 27 ነው። ቅር ካለሽ 25 አድርጊ፤ ከዚያ ካነሰ ግን አይያያዝም፣ መልሶ ይፈረፈርብሻል። ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ሻኛውን ካገኘሽ የሥጋውን መጠን ትንሽ ቀንሺ፤ ሻኛው ራሱ ሥጋ አለበት። ቅዳሜ ከሰዓት ፈጭተሽ ሙዪ፣ ይደር፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ ከሰሉን ያያይዘው። ሃምሳው ውስጥ ስለሆንን የሚተርፍ ካለ ረቡዕም ዓርብም ይበላል።